ሥራው ከኳሱ በፊት ነው፦ ስለ ስላሎም የውሃ ስኪ ከልምዴ

ስላሎም ማለት ከጀልባ ጋር የታሰረ ገመድ እጀታ ይዞ፣ በአንድ ስኪ ውሃ ላይ እየተንሸራተቱ ኳስ የምንላቸውን ተንሳፋፊ ምልክቶች መዞር ነው። አዲስ ሰው ወደ ክለባችን ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ "የትኛውን ስኪ ልግዛ?" ቀጥሎ ደግሞ "ኳሱ ጋ ስደርስ እንዴት ነው የምዞረው?" ይላል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ለዓመታት ከጀልባ ኋላ ከተንሸራተትኩ በኋላ የምሰጠው መልስ ግን ከሁለቱም ትንሽ ራቅ ያለ ነው። ኳሱ ጋ የሚታየው ነገር ሁሉ ቀድሞ የተሠራ ነው። መጀመሪያ በሩ ላይ (መስመሩ በሚጀምርበት፣ በሁለት ኳሶች መካከል ባለው መግቢያ)፣ ከዚያ ደግሞ በትክክል ከጀልባው ኋላ ስናልፍ። ዕቃም የሚመረጠው ያንን ሥራ እንዲያግዝ ነው። ይህን የምጽፈው ገና ለጀመሩ፣ እንዲሁም አንድ ደረጃ ላይ ደርሰው አልነቃነቅ ላላቸው ሰዎች ነው።

መጀመሪያ ሜዳውን እንየው። የስላሎም መስመር ከመግቢያ በር እስከ መውጫ በር 259 ሜትር ይረዝማል። ጀልባው መሃል ለመሃል ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ተንሸራታቹ በመግቢያው በር አልፎ ስድስት ኳሶችን በውጭ በኩል ይዞራል፤ ሦስቱ በቀኝ፣ ሦስቱ በግራ ናቸው። እያንዳንዱ ኳስ ከመሃሉ መስመር 11.5 ሜትር ይርቃል። ከአንዱ ኳስ እስከ ቀጣዩ በርዝመት 41 ሜትር አለ። ስለዚህ ከኳስ ወደ ኳስ በቀጥታ መስመር ብንሄድ እንኳ 47 ሜትር መጓዝ አለብን።

አሁን ፍጥነቱን ጨምሩበት። ለወንዶች ከፍተኛው የጀልባ ፍጥነት በሰዓት 58 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለሴቶች 55። ጀልባው በ58 ሲሄድ መስመሩን በ16.08 ሰከንድ ይጨርሳል። ከኳስ ወደ ኳስ ያለው ጊዜ ሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ ነው። በዚያች ጊዜ 47 ሜትር ለመሸፈን አማካይ ፍጥነታችን ከ66 ኪሎ ሜትር በላይ መሆን አለበት። ኳሱ ጋ ስንዞር ደግሞ እንቀዘቅዛለን። ታዲያ የጎደለውን ፍጥነት የት ነው የምናገኘው? ከጀልባው ኋላ ብቻ። ሌላ ቦታ የለም። እኔ ይህን ሒሳብ አንድ ቀን ወረቀት ላይ ከሠራሁ ወዲህ ስለ ኳሱ ያለኝ ሐሳብ ተቀየረ።

ለጀማሪ ደግሞ ሒሳቡ ደስ የሚል ነገር ያሳያል። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከኳስ ወደ ኳስ 3.7 ሰከንድ ገደማ አለ። በ55 ግን ወደ 2.7 ይወርዳል። ያቺ አንድ ሰከንድ ለተማሪ ትልቅ ሀብት ናት። ስለዚህ ፍጥነት ለመጨመር አትቸኩሉ። ነጂው "ትንሽ ልጨምርልህ?" ቢል እንኳ አውራ ጣታችሁን ወደ ታች አሳዩት። ምልክቱ ቀላል ነው፦ አውራ ጣት ወደ ላይ ፍጠን፣ ወደ ታች ቀንስ። ከወደቃችሁ በኋላ ደህና መሆናችሁን ለማሳየት ደግሞ እጃችሁን ከጭንቅላታችሁ በላይ አንሡ። ይቺን ምልክት ማንም ሰው እንዳይረሳት። ጀልባው ላይ ያለው ታዛቢ የሚጠብቃት እሷን ነው።

ከፍተኛው ፍጥነት ላይ ከተደረሰ በኋላ ፈተናው ገመዱ ነው። የሚጀመረው በ18.25 ሜትር ነው። ከዚያ 16፣ 14.25፣ 13፣ 12፣ 11.25፣ 10.75፣ 10.25፣ 9.75 እያለ ያጥራል። አንድ ጊዜ ስድስቱን ኳስ ጨርሶ በመውጫው በር ያለፈ ሰው ገመዱ ይታጠርለታል። ውጤቱም የሚነገረው በኳስ ብዛትና በገመድ ርዝመት ነው። ልብ በሉ፦ ኳሱ ከመሃል 11.5 ሜትር ላይ ነው። 11.25 ላይ ገመዱ ራሱ ከኳሱ ርቀት ያጠረ ነው። የቀረውን የሚሞላው የተንሸራታቹ ክንድና የተዘነበለ ሰውነቱ ነው። አሜሪካዊው ኔት ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ2013 በ9.75 ሜትር ገመድ ሁለት ኳስ ተኩል ዞሮ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግቧል። ማለትም ገመዱ ከኳሱ 1.75 ሜትር ያጠረ ነበር። ቪዲዮውን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ኳሱ ጋ ያለውን መዘርጋት ነው። እስቲ ደግማችሁ እዩትና ዓይናችሁን ከጀልባው ኋላ ባለው ቦታ ላይ አሳርፉ። ሰውየው እዚያ ምን ያህል ዝም ብሎ እንደቆመ ታያላችሁ።

እስቲ ወደ በሩ እንሂድ። የመጀመሪያው ኳስ በቀኝ በኩል ስለሆነ ወደ በሩ የምንመጣው ከግራ ነው። መጀመሪያ ከጀልባው ኋላ ወደ ግራ እንወጣለን። ይህ መውጣት ለስላሳ ግን ጠንከር ያለ መሆን አለበት። ብዙ ሰው ትንሽ ብቻ ወጥቶ እዚያው ይቀራል። በቂ ስፋት ካላገኘ ደግሞ ወደ በሩ ሲመለስ የሚገፋውን ኃይል ሁሉ በሩ ላይ ለማግኘት ይሞክራል። ያኔ ገመዱ ይጎትተዋል፣ ወገቡ ይታጠፋል፣ የመጀመሪያው ኳስ ጋ ፍጥነቱ አልቆምም ይለዋል። ገመዱን እንደ ዥዋዥዌ አስቡት። ከፍ ብሎ የጀመረ ዥዋዥዌ በሌላው በኩልም ከፍ ይላል። ዝቅ ብሎ የጀመረውን ግን መሃል ላይ በጉልበት ከፍ ማድረግ አድካሚ ነው።

ከወጣችሁ በኋላ ከጀልባው ጎን ረጋ ብላችሁ ተንሸራተቱ። ቁርጭምጭሚት ትንሽ ይታጠፍ፣ ዳሌ ከፊት እግር በላይ ይሁን፣ ደረት ክፍት ይሁን። ከዚያ ወደ በሩ ዙሩ። ፈጥናችሁ ሳይሆን እየጨመራችሁ ዙሩ። ኃይሉ ከፍተኛ የሚሆነው ጀልባው ከኋላው የሚተወውን የመጀመሪያውን ሞገድ፣ ዌክ የምንለውን፣ ስትደርሱ ነው። እዚያ ስትደርሱ ክንዳችሁ ቀጥ ያለ፣ እጀታው ከዳሌያችሁ አጠገብ፣ ክርናችሁ ከጃኬታችሁ ጋር የተጣበቀ ይሁን። በክንድ ጀልባውን መጎተት አያስፈልግም። ስኪው በጠርዙ ውሃውን ይዞ ቆሟል፤ እናንተ ከጀልባው ተቃራኒ ተዘንብላችሁ ቆማችኋል። በቃ።

የእኔን ስላሎም የቀየረው አንድ ምክር ከአንዲት በዕድሜ ገፋ ካሉ የክለባችን አባል የመጣ ነው። "ሁለተኛውን ሞገድ እስክታልፍ ድረስ ሁለት እጅህ እጀታው ላይ ይቆይ፤ እጀታውም ከዳሌህ አይራቅ" አሉኝ። ቀላል ይመስላል። ሥራ ላይ ሲውል ግን ሁሉን ነገር ይነካል። እጀታው ቶሎ ከራቀ ገመዱ ወደ ጀልባው ያዞረናል። ወደ ውጭ የሚወስደን ኃይል ይጠፋና ቀጥታ ወደ ኳሱ እንሮጣለን። እጀታው ከቆየ ግን ስኪውን ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ስናዛውር ሰውነታችን ወደ ውጭ መሄዱን ይቀጥላል። ከኳሱ በፊት ሰፊ እንሆናለን፤ ማለትም ከመሃሉ በደንብ እንርቃለን። ከዚያ በኋላ ብቻ የውጭውን እጅ ለቀን በአንድ እጅ እንዘረጋለን። ዘርጉ ማለት ግን ጣሉ ማለት አይደለም። እጃችን ገመዱ በሚሄድበት ፍጥነት እየሄደ ይዘረጋል።

መዞሪያው ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ጠብቁ። ስኪው ራሱ ይዞራል። እጀታውን ለመያዝ አትጣደፉ፤ ዳሌያችሁ ወደ እጀታው ይምጣ። ዓይናችሁ ኳሱ ላይ ከተተከለ ትከሻችሁ ይወድቃል። ቀና ብላችሁ ወደ ማዶ እዩ። ሁላችንም አንድ የሚቀለን፣ አንድ የሚከብደን ጎን አለን። የትኛው እግር ፊት እንደሆነ ይወስነዋል። በሚከብደው ጎን ክብደታችን ወደ ኋላ እግር ይሸሻል፣ ስኪው ቀጥ ብሎ ይሮጣል። መድኃኒቱ እዚያ መዞሪያ ላይ አይገኝም። ከዚያ በፊት ባለው የሞገድ ማቋረጥ ላይ ክብደት ፊት እግር ላይ ከቆየ መዞሪያው በራሱ ይስተካከላል።

ገመድ ላላ ሲል ደግሞ ምን እናድርግ? ይህ የሚመጣው ጠበብ ብለን ኳሱ ላይ ፈጥነን ስንደርስ ነው። ትንሽ ከሆነ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ፣ እጀታውን ወደ ታች ይዛችሁ ጠብቁ። በክንድ አትሰብስቡት። ሲወጠር የሚመጣው ምት ትከሻንና የጎድን አጥንትን ይጎዳል። ብዙ ከላላ እጀታውን ልቀቁ። አንድ ኳስ ለማትረፍ ብሎ መያዝ ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ዕቃው። ስኪ የሚመረጠው በክብደታችሁና በምትሄዱበት ፍጥነት ነው። ዘገም ባለ ፍጥነት የሚሄድ ሰው ሰፋ ያለ ስኪ ያስፈልገዋል፤ ውሃው ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ከጥልቅ ውሃ ለመነሳትም ይቀላል። ጠባቡ የውድድር ስኪ ግን ሥራውን የሚሠራው በፍጥነት ነው። በ45 ኪሎ ሜትር ላይ ሻምፒዮኑ የሚጠቀምበትን ስኪ ማድረግ ውሃው ውስጥ እንድትሰምጡ ነው የሚያደርጋችሁ። ዋናዎቹ አምራቾች፣ ኤችኦ፣ ራዳር፣ ኮኔሊ፣ ጉድ፣ ሁሉም የክብደትና የፍጥነት ሰንጠረዥ አላቸው። ሰንጠረዡን እመኑት። በሁለት መጠን መካከል ከሆናችሁ ጀማሪ ትልቁን ይውሰድ።

ካርቦን ነው ወይስ ፋይበርግላስ የሚለው ክርክር ለብዙዎቻችን ቅንጦት ነው። ካርቦን ይቀላል፣ ይጠነክራል፣ ፈጥኖም ይመልሳል። ዋጋውም እንዲሁ። ከሁለትና ሦስት ዓመት በፊት የወጣ ያገለገለ ጥሩ ስኪ ካገኛችሁ በደስታ ግዙት። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ቡቱ (እግር የሚገባበት ጫማ) የታሰረባቸውን የብሎን ቀዳዳዎች እዩ፣ ጠርዙን በጣት ዳሱ፣ ስኪውን መሃሉ ላይ ጫን ጫን አድርጉ። ውስጡ ያለው ፎም ከተሰበረ ስኪው ለስልሶ ይታወቃል።

ከገንዘባችሁ ትልቁን ክፍል ለቡት አውጡ ነው የምለው። ያመለጠ ኳስ ሌላ ቀን ይመለሳል፤ የተቆረጠ የተረከዝ ጅማት ግን ወራት ይወስዳል። አንድ የክለባችን ሰው ሲወድቅ የኋላ እግሩ ወጣ፣ የፊቱ ግን ታስሮ ቀረ። ስኪው ጠምዝዞት ቁርጭምጭሚቱ ተጎዳ። ሁለት ሙሉ ቡት የሚያደርግ ሰው ሁለቱም አብረው እንዲለቁ ወይም አብረው እንዲይዙ ማድረግ አለበት። ከፊት ቡት፣ ከኋላ ጣት ብቻ የሚገባበት ማሰሪያ መጠቀምም ጥሩ ነው፤ ከጥልቅ ውሃ ሲነሱ የኋላ እግር ነጻ ስለሆነ ሚዛን ለመጠበቅ ይረዳል። ጠንካራ ቅርፊት ያለው ቡት ከመልቀቂያ ዘዴ ጋር የሚጠቀሙም አሉ። ያ ከሆነ መልቀቂያው ለክብደታችሁ ተስተካክሎ፣ ጸድቶና ተፈትሾ መሆን አለበት። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት።

ፊኑ ብዙ የሚወራለት ዕቃ ነው። ከስኪው ጭራ ስር ያለችው ትንሽ ብረት ናት። ርዝመቷ፣ ጥልቀቷ፣ ከጭራው ያላት ርቀትና ላይዋ ያለችው የትንሽ ክንፍ፣ የዊንግ፣ ማዕዘን ይስተካከላሉ። ልኩ በኢንች ሺኛ ነው የሚነገረው፤ የአምስት ሺኛ ለውጥ የሚሰማቸው ሰዎች አሉ። ጥልቀት ሲጨምር ጭራው ውሃውን አጥብቆ ይይዛል፤ ሲቀንስ ጭራው በቀላሉ ይንሸራተታል። ዊንጓ ማዕዘኗ ሲበዛ ከኳሱ በፊት ይበልጥ ታቀዘቅዛለች። የእኔ ምክር አጭር ነው። ስኪው እንደተገዛ በዲጂታል ካሊፐር (ትንንሽ ርቀትን በትክክል በሚለካ መሣሪያ) ለኩት፣ ፋብሪካው ካወጣው ቁጥር ጋር አስተያዩት፣ ቁጥሩን ጻፉት። ከዚያ አትንኩት። አቋማችሁ በየዙሩ የሚለያይ ከሆነ የፊን ለውጥ ምን እንደሠራ ማወቅ አይቻልም። በሩ ላይና ከጀልባው ኋላ ተመሳሳይ ሰው መሆን ስትችሉ ያኔ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ጥቂት ዙር ሞክሩና ፍረዱ።

እጀታና ገመድ ርካሽ ስለሆኑ ይረሳሉ። እጀታው 1.5 ሜትር ነው፣ ዋናው ገመድ 16.75፤ ሲደመር 18.25። ርዝመቱ ሲያረጅ ይለወጣል። የተላጨ ክር ካያችሁ ቀይሩት። እጀታው ጫፍ ላይ ያለው ገመድ በጎማ ቱቦ የተሸፈነ ይሁን፤ ስንወድቅ ክንዳችን በመሃሉ እንዳያልፍ ይከላከላል። ገመድ በእጅ ላይ ጠቅልሎ መያዝ ፈጽሞ አይሞከርም። ጃኬት ደግሞ የሚያንሳፍፍና ጎድንን የሚጠብቅ ይሁን። ጓንትም አትርሱ፤ እጀታውን አንዱን መዳፍ ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች አድርጋችሁ ያዙት።

ጀልባው ከስኪው በላይ ለውጥ ያመጣል። የስላሎም ጀልባ ሞተሩ መሃሉ ላይ ነው፤ ሞገዱ ዝቅ ያለና ለስላሳ ነው። ፕሮፔለሩም ከሆዱ ስር ስለሆነ ከውጪ ከተንጠለጠለ ሞተር ይሻላል። በውድድር ላይ በብዛት የሚታዩት የናውቲክ፣ የማስተርክራፍትና የማሊቡ ጀልባዎች ናቸው። ፍጥነቱን የሚጠብቀው በጂፒኤስ የሚሠራ መቆጣጠሪያ ነው፤ ዜሮ ኦፍ ይባላል። በላዩ ላይ የፊደልና የቁጥር ምርጫ አለ። ፊደሉ ሞተሩ ስትጎትቱት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚመልስ፣ ቁጥሩ ደግሞ ምን ያህል አጥብቆ እንደሚመልስ ይወስናል። ሲጀመር ለስለስ ያለውን ምረጡና ለረጅም ጊዜ አትቀያይሩት። ጀልባ ውስጥ ያሉ ሰዎችም መሃል ላይ ይቀመጡ፤ አንድ ጎን ከከበደ አንዱ ሞገድ ከሌላው ይለያል። ነጂውን ደግሞ አመስግኑት። ቀጥ ብሎ የሚነዳ ሰው ከማንኛውም ስኪ ይበልጣል።

ልምምዱን እንዴት ላድርገው ለምትሉ፦ ኳስ በሌለበት ውሃ ጀምሩ። ሁለቱን ሞገዶች ተመሳሳይ በሆነ አቋም ማቋረጥ ተለማመዱ። ከዚያ ሚኒ ኮርስ ካለ ኳሶቹ ወደ መሃል ቀረብ ያሉበትን ተጠቀሙ። በአንድ ዙር መስመሩን ስድስት ጊዜ ገደማ ማለፍ ይበቃል። የመጀመሪያው የምታውቁት ቀላል ይሁን። ሲደክማችሁ ተዉት፤ የተጎዱ ሰዎች ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ "አንድ ልድገም" ካሉ በኋላ ነው። ቪዲዮ አስቀርጹ። በሩ ላይ ቆም እያደረጋችሁ እዩት። ኳሱን ለጊዜው ተዉት።

ስፖርቱ ዛሬ ያለበትን ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ልቤን የሚነካኝ ጉዳይ ነው። ራልፍ ሳሙኤልሰን የተባለ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1922 በሚኒሶታ ሌክ ፔፒን ላይ በእንጨት ጣውላ ከተንሸራተተ መቶ ዓመት አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ኦሎምፒክ እንደ ማሳያ ስፖርት ቀርቦ ነበር። ከዚያ በኋላ ኦሎምፒክ አልገባም። የጀልባ ፋብሪካዎች ገበያ ከጀልባ ኋላ በሰሌዳ ላይ ወደሚንሸራተቱባቸው ስፖርቶች፣ ወደ ዌክቦርድና ወደ ዌክሰርፍ፣ ዞሯል። እነዚያ ጀልባዎች ሆን ብለው ትልቅ ማዕበል ይሠራሉ። እኛ የምንፈልገው ደግሞ መስታወት የመሰለ ውሃ ነው። አንድ ሐይቅ ላይ ሁለቱ አብረው መኖር ይከብዳቸዋል። አዲስ የስላሎም ጀልባ ደግሞ ዋጋው ከ100,000 ዶላር በላይ ደርሷል። በአንድ ቤተሰብ የሚቻል አይደለም።

መውጫው በእኔ እምነት ክለብ ነው። አንድ ጀልባ ለብዙ ሰው ይበቃል። አንዱ ሲንሸራተት አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ይታዘባል። ወጪው ይካፈላል፣ ዕውቀቱም እንዲሁ። ከማዕበል ጀልባ ጋር ላለው ግጭትም ሰዓት መከፋፈል ይሠራል፤ ውሃው ጸጥ ያለበት ጠዋት ለስላሎም፣ ከሰዓት በኋላ ለእነሱ። ፀብ ከመጀመር በፊት ቁጭ ብሎ መነጋገር ይቀድማል።

ተስፋ የሚሰጠኝ ሌላም ነገር አለ። ታላላቅ ውድድሮች አሁን በቀጥታ በኢንተርኔት ይተላለፋሉ። ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጆርጂያ ካላዌይ ጋርደንስ የሚካሄደውን ማስተርስ የተባለ ውድድር ቤት ተቀምጦ ማየት ይቻላል። ስድስት ኳስ በ17 ሰከንድ ውስጥ ስለሚያልቅ ለማያውቀውም ሰው ለመረዳት ቀላል ነው። ተቀምጠው በሚንሸራተቱበት ስኪ የሚወዳደሩ አካል ጉዳተኞች አሉ። ማየት የተሳናቸውም በድምፅ መሣሪያ እየተመሩ ስላሎም ይወዳደራሉ። በዕድሜ ምድብ ደግሞ 80 ዓመት ያለፋቸው ተወዳዳሪዎች አሉ። ከ35 ዓመት በላይ ላሉ ወንዶች ከፍተኛው ፍጥነት ወደ 55 ይወርዳል፤ እኔም የምሄደው በዚያ ነው።

ስለዚህ መጀመር የምትፈልጉ ሰዎች ስኪ ከመግዛታችሁ በፊት ክለብ ፈልጉ። ስትደውሉ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የሚዋስ ሰፊ ስኪ አለ ወይ፣ ሚኒ ኮርስ አለ ወይ፣ ጀማሪን የሚጎትት ታጋሽ ነጂ ማን ነው። ለመጀመሪያው ቀን የዋና ልብስ፣ ጃኬትና ጓንት ይበቃችኋል። ጀልባው ላይ ስትወጡም መጀመሪያ እንደ ታዛቢ ተቀመጡና የሌሎችን በር ተመልከቱ፤ ከየት ወጡ፣ መቼ ዞሩ፣ እጀታው የት ነበር። ከዚያ የእናንተ ተራ ሲደርስ ውሃ ውስጥ ግቡ።